«አብራክሳስ»፦ የሮክ ጊታርና የላቲን ከበሮ በአንድ ሸክላ ላይ እንዴት ተስማሙ?

«ኦዬ ኮሞ ቫ» የሚለውን ዘፈን በስሙ የማያውቀው ሰው እንኳ ሲጀምር ያውቀዋል። ኦርጋኑ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይነሣል፣ ቤዝ ጊታሩ ከሥር ይከተለዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ሊድ ጊታሩ ዜማውን ተቀብሎ ይወጣል። ብዙ አድማጭ ይህን ዘፈን «የካርሎስ ሳንታና ዘፈን» ይለዋል። ዘፈኑን የደረሰው ግን ካርሎስ አይደለም። «ሳንታና» የሚለውም ስም በዚያ ዘመን የአንድ ሰው ሳይሆን የስድስት ሙዚቀኞች ባንድ መጠሪያ ነበር። በዚያው አልበም በሚገኘው በ«ብላክ ማጂክ ዉማን» ላይ የሚዘፍነውም ድምፅ የካርሎስ አይደለም። እነዚህ ሦስት ስሕተቶች ሲታረሙ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው «አብራክሳስ» የተባለው አልበም ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ መረዳት ቀላል ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳንታና ማን ነው፣ ወይስ እነማን ናቸው?

ካርሎስ ሳንታና በ1947 በሜክሲኮ፣ በሃሊስኮ ግዛት፣ አውትላን በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የማሪያቺ ቫዮሊን ተጫዋች ነበሩ። ማሪያቺ በሜክሲኮ በሠርግ፣ በበዓልና በአደባባይ የሚጫወት የባህል ሙዚቃ ቡድን ነው። ካርሎስም በልጅነቱ መጀመሪያ የተማረው ጊታር ሳይሆን ቫዮሊን ሲሆን፣ ቤተሰቡ ወደ ድንበር ከተማዋ ቲኋና ከሄደ በኋላ ግን ልቡ ወደ ጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ጊታር አዘነበለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻገሩ፤ በ1966ም በዚያው ከተማ «ሳንታና ብሉዝ ባንድ» የሚባል ቡድን ተመሠረተ።

ስሙ እንደሚያመለክተው ባንዱ ሲጀምር ብሉዝ የሚጫወት ነበር፤ መልኩን የለወጠው ከበሮ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ዳርቻ መናፈሻ ወጣቶች ኮንጋ የሚባለውን የእጅ ከበሮ ይዘው እየተሰበሰቡ በቡድን ይመቱ ነበር፣ ያ የመናፈሻ ምትም ወደ ባንዱ ገባ። «አብራክሳስ» በተቀረጸበት ጊዜ ካርሎስ ጊታር፣ ግሬግ ሮሊ ኦርጋንና ድምፅ፣ ዴቪድ ብራውን ቤዝ ጊታር፣ ማይክል ሽሪቭ ድራም፣ ማይክል ካራቤሎ ኮንጋ፣ ከኒካራጓ የመጣው ሆሴ «ቼፒቶ» አሬያስ ደግሞ ቲምባሌስ ይጫወቱ ነበር። ከስድስቱ ሦስቱ ምት መቺዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል። በጊዜው ከነበሩት የሮክ ባንዶች አብዛኞቹ የነበራቸው አንድ ድራመር ብቻ ነው።

ባንዱን ሕዝብ ያወቀው ነሐሴ 16 ቀን 1969 በዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ነው። በዚያው ወር የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ። «አብራክሳስ» ሁለተኛው ነው።

«ላቲን ሮክ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ላቲን» የሚለው ቃል እዚህ ላይ የጥንቱን የሮማውያን ቋንቋ ወይም ፊደላቸውን አያመለክትም። በአሜሪካ አህጉር ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛ የሚናገሩ ሕዝቦችን የሚመለከት ሲሆን፣ በሙዚቃ ሲነገር ደግሞ በብዛት ከኩባ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከብራዚል የተነሡ የምት ዓይነቶችን ይጠቁማል። እነዚህ ምቶች ሥራቸው አፍሪካ ነው። በባርነት ወደ ኩባ የተጋዙት አፍሪካውያን የከበሮ አመታታቸውን ይዘው ሄዱ፤ በዚያም ከስፔናውያን ጊታርና ዜማ ጋር ተዋሐደ። ኮንጋ ራሱ፣ ያ ረጅሙና በእጅ የሚመታው ከበሮ፣ ከመካከለኛው አፍሪካ የከበሮ ቤተሰብ የመጣ ነው። ቲምባሌስ ደግሞ ቆመው በዱላ የሚመቷቸው፣ ጎናቸው ብረት የሆነ ሁለት ከበሮዎች ናቸው፤ ድምፃቸው ስለታም ስለሆነ በሌሎቹ መሣሪያዎች መካከል ሰንጥቆ ይሰማል።

ሮክ በበኩሉ ከብሉዝ የተወለደ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በቤዝና በአንድ ድራም ላይ የቆመ ሙዚቃ ነው። «ላቲን ሮክ» ማለት እንግዲህ የእነዚህ የሁለቱ ጥምረት ነው። ጥምረት ግን በቃል እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። በሮክ ዘፈን ላይ ኮንጋ ጨምሮ ማጀብ አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱን ሳይጣሉ ማዋሐድ ሌላ ነገር ነው። የዚህ አልበም ትልቅነት ያለው በሁለተኛው ላይ ነው።

ሁለቱ ምቶች የት ይገናኛሉ?

ይህን ለመረዳት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም፤ እጅና ጠረጴዛ ይበቃል። በእኩል ፍጥነት ከ1 እስከ 8 እየደጋገማችሁ ቁጠሩ። በተለመደው የሮክ ምት ትልቁ የእግር ከበሮ 1 እና 5 ላይ ይመታል፤ ጠንካራው የዱላ ምት 3 እና 7 ላይ ይወድቃል። ሮክ ሲሰማ ሰው ሳያስበው የሚያጨበጭበው በእነዚህ በ3 እና በ7 ላይ ነው።

አሁን ወደ ኩባ እንሂድ። «ኦዬ ኮሞ ቫ» የተሠራው በቻቻቻ ምት ነው። ቻቻቻ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኩባ ውስጥ የተፈጠረ፣ ረጋ ያለ የዳንስ ምት ነው። በዚህ ምት ኮንጋ መቺው 3 ላይ በመዳፉ ጠፍ ያደርጋል፤ 7 እና 8 ላይ ደግሞ ሁለት ክፍት ድምፆች ያወጣል። እንግዲህ 3 እና 7 በሁለቱም ውስጥ አሉ ማለት ነው። የሮክ ድራመሩ ዱላና የኩባው ኮንጋ መዳፍ በተመሳሳይ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ የሚለያዩት 8 ላይ ነው። ሮኩ 7ን መትቶ ክፍት ሲተወው ኮንጋው 8ን ጨምሮ ወደሚቀጥለው 1 ይገፋዋል። የሚያስጨፍረው ያ ትንሽ ግፊት ነው። በጠረጴዛ ላይ በአንድ እጅ 3 እና 7ን፣ በሌላው 3፣ 7 እና 8ን ብትሞክሩ ወዲያው ይገባችኋል።

በዚህ ላይ ደግሞ ጉዊሮ አለ። ጉዊሮ ጎኑ ላይ ጭረት የተበጀለት ቅል ሲሆን በቀጭን እንጨት ይፋቃል፤ በቻቻቻ ውስጥ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ፍቆች እየተከታተሉ ይሰማሉ። ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ክላቬ የሚባል ሐሳብ አለ። ቃሉ በስፓኒሽ «ቁልፍ» ማለት ነው። ከ1 እስከ 8 ሁለት ጊዜ ቁጠሩና በመጀመሪያው ዙር 1፣ 4 እና 7 ላይ፣ በሁለተኛው ዙር 3 እና 5 ላይ አጨብጭቡ። እነዚያ አምስት ጭብጨባዎች የኩባ ሙዚቃ ምሰሶ ናቸው። ብዙ ጊዜ ማንም በግልጽ ባይመታቸውም ሁሉም ሙዚቀኛ በልቡ እየቆጠረ ከእነሱ ጋር ይስማማል።

አገር ቤት ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ ያየ ሰው የዚህን ባንድ ዘዴ በቀላሉ ይረዳዋል። አንዱ ዘነዘናውን ሲያነሣ ሌላው ይጥላል፤ ፍጥነታቸው ቢጨምርም አይጋጩም፤ ከሩቅ የሚሰማው አንድ ወጥ ምት ነው። ሽሪቭ፣ ካራቤሎና አሬያስ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሽሪቭ በተፈጥሮው የጃዝ ጆሮ ያለው ድራመር ስለሆነ ሁሉንም ቦታ ለመሙላት አይሞክርም። ሁለቱ ሲበዙ እሱ ይቀንሳል፣ ዝም ሲሉ ይገባል። ሦስት ከበሮ መቺ ያለው ባንድ ድምፁ ሳይደፈርስ ጥርት ብሎ የሚሰማው በዚህ መተሳሰብ ምክንያት ነው።

አቀራረጹም አግዟቸዋል። አልበሙ በ1970 የጸደይ ወራት ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው በዋሊ ሃይደር ስቱዲዮ ተቀረጸ፤ ፕሮዲውሰሮቹ ባንዱ ራሱና ፍሬድ ካቴሮ ናቸው። የስቱዲዮ አልበም የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ መሣሪያዎቹ በቴፑ ላይ የየራሳቸው መስመር ተሰጥቷቸው ይቀዳሉ፣ በኋላም ድምፆቹ በሚዋሐዱበት በሚክስ ወቅት ይመጣጠናሉ። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ከበሮዎቹ በተለያየ ቦታ የተቀመጡ መስለው ይታወቃሉ።

ዝነኞቹ ዘፈኖች የማን ናቸው?

አማርኛ አልበም የሚገዛ አድማጭ ከሽፋኑ ጀርባ «ግጥም»፣ «ዜማ» እና «ቅንብር» ተብሎ ለየብቻ ሲጻፍ ማየት ለምዷል። ይህ ልማድ እዚህ በጣም ይጠቅመናል። «ኦዬ ኮሞ ቫ»ን የደረሰው ቲቶ ፑዌንቴ ነው። ከፖርቶ ሪኮ ከመጡ ወላጆች በኒው ዮርክ የተወለደ፣ ቲምባሌስን ከኋላ አውጥቶ ወደ መድረኩ ፊት ያመጣ ታላቅ የዳንስ ባንድ መሪ ነበር። ዘፈኑን የሠራው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ቃላቱም ጥቂት ናቸው፤ ምቴ እንዴት እንደሚሄድ ስሙ፣ ለመደሰት ጥሩ ነው የሚል ሐሳብ አላቸው። በፑዌንቴ ሥራ ዋሽንቱ የሚጫወተውን ዜማ በሳንታና ጊታሩ ወሰደው፤ ፒያኖው የሚደጋግመውን ሐረግ ደግሞ የሮሊ ኦርጋን ወሰደው። ዜማውም ምቱም አልተነካም ማለት ይቻላል፤ የተለወጠው ድምፁ ነው።

«ብላክ ማጂክ ዉማን» የእንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች የፒተር ግሪን ድርሰት ሲሆን፣ ባንዱ ፍሊትዉድ ማክ በ1968 በነጠላ ዜማ አውጥቶታል። ወደ ሳንታና ይዞት የመጣው ግሬግ ሮሊ ነው፤ የዘፈነውም እሱ ነው። ባንዱ ከዚህ ብሉዝ ጋር የሃንጋሪ ተወላጅ የሆነውን የጃዝ ጊታር ተጫዋች የጋቦር ሳቦን «ጂፕሲ ኩዊን» በጅራቱ ቀጠለለት። ሁለቱ አንድ ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ ይሆናሉ። በሬዲዮ የሚሰማው አጭሩ ቅጂ ስለሆነ ብዙ ሰው የመጨረሻውን የፍጥነት ለውጥ ሳይሰማ ዘፈኑን አውቀዋለሁ ይላል።

ታዲያ ይህ የሰው ሥራ መውሰድ አይደለም ወይ? አይደለም። የደራሲዎቹ ስም በሸክላው ላይ ተጽፏል፣ ከሽያጩና ከሬዲዮ ስርጭቱም ሮያሊቲ፣ ማለትም ደራሲው ሥራው በተሸጠና በተሰማ ቁጥር የሚደርሰው ክፍያ ያገኛሉ። ፑዌንቴ ራሱ በኋለኛው ዘመን ሲያወጋ፣ ሰዎች መድረክ ላይ «የሳንታናን ዘፈን ተጫወትልን» እያሉ ይጠይቁት እንደነበር ይናገር ነበር። ይህ ለአንድ ደራሲ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ስለዚህም ነው የቲቶ ፑዌንቴ ስም በዘፈኑ አጠገብ ሁልጊዜ መነሣት ያለበት ብዬ የማምነው። ባንዱ የሠራው ቅንብሩን ነው፤ ቅንብርም ቢሆን ትንሽ ሥራ አይደለም።

የጊታሩ ዜማ ለእኛ ጆሮ ለምን ቅርብ ሆነ?

የብሉዝ ጊታር ተጫዋቾች አዘውትረው የሚመላለሱባቸው አምስት ድምፆች አሉ። ከ«ላ» ሲነሡ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ናቸው። ትዝታ ሜጀር ደግሞ ከ«ዶ» ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ድምፆቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነቱ ዜማው ዞሮ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ማረፊያው ሲለወጥ ስሜቱም ይለወጣል፤ ስለዚህ ብሉዝ ትዝታ ነው ማለት አይደለም። ካርሎስም በእነዚህ አምስት ድምፆች ብቻ አይወሰንም፤ ሌሎች ድምፆችንም እየጨመረ ይጫወታል። ቢሆንም አንዲትን ድምፅ ይዞ ሲያስረዝማትና እንደ ሰው ጉሮሮ ሲያንቀጠቅጣት በአምስት ድምፅ ያደገ ጆሮ እንግድነት የማይሰማው አንዱ ምክንያት ይህ ዝምድና ይመስለኛል።

ከዚህ የጠነከረ ሌላ እውነተኛ ግንኙነትም አለ። «አብራክሳስ» ከመውጣቱ ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1966፣ ሙላቱ አስታጥቄ በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» በሚል ርእስ ሁለት ሸክላዎች አሳትመዋል፤ አጃቢዎቻቸውም ፖርቶ ሪካውያን ሙዚቀኞች ነበሩ። የኢትዮጵያን ቅኝት ከኮንጋና ከላቲን ምት ጋር ያጣመሩት ቲቶ ፑዌንቴ በነገሠበት ከተማ ውስጥ ነው። ሙላቱና ሳንታና አንዱ ከሌላው ተማሩ ለማለት ሳይሆን፣ በአንድ ዘመን ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል ለማለት ነው። በኋላ በአዲስ አበባ በተቀረጹ የሙላቱ ሥራዎች ውስጥ ኮንጋ ሲሰማ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

ስሙና የሽፋን ሥዕሉ ምን ማለት ናቸው?

አብራክሳስ በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ምእተ ዓመታት በነበሩ የግኖስቲክ ትምህርት ተከታዮች ዘንድ የታወቀ የመለኮታዊ ኃይል ስም ነው። በግሪክ ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ የቁጥር ዋጋ አለው፤ የእኛም የግእዝ ቁጥሮች መልካቸውን ያገኙት ከግሪክ ሆሄያት ነው። የዚህ ስም ሰባት ሆሄያት ሲደመሩ 365 ይሆናሉ፤ የዓመቱን ቀናት ያህል። ባንዱ ግን ስሙን የወሰደው በቀጥታ ከጥንት መጻሕፍት አይደለም። ከጀርመናዊው ደራሲ ከሄርማን ሄሰ «ዴሚያን» ከተባለ ልብ ወለድ ነው፤ ከመጽሐፉ የተወሰደች ጥቂት መስመርም በአልበሙ ሽፋን ላይ ታትማለች።

ሥዕሉ ማቲ ክላርዋይን በ1961 የሣለው ነው። ሠዓሊው ሃምቡርግ ተወልዶ፣ ቤተሰቡ ከናዚዎች ሸሽቶ በፍልስጤም ያደገ ሰው ነው። የሥዕሉ ርእስ «ብስራት» ሲሆን፣ መነሻውም የመልአኩ ገብርኤል ብስራት ነው፤ አሣሣሉ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጣም የራቀ ነው። መልአኩ ሰውነቷ ቀይ የሆነ ክንፋም ሴት ሆና ኮንጋ ላይ ተፈናጣ ትታያለች፤ በመሐል ደግሞ ጥቁር ሴት አለች። በሃይማኖት ሥዕል ወግ ላደገ ተመልካች የሚያስደነግጥ ሊሆን ይችላል። ካርሎስ ሥዕሉን አይቶ ለሽፋን የመረጠው ግን ከባንዱ ሙዚቃ ጋር ስለተስማማለት ነው፤ ኮንጋው ባይኖር ይህን ያህል ይስማማ ነበር ብዬ አላስብም።

ያን ያህል ክብደት ያገኘው ለምንድን ነው?

አልበሙ በመስከረም 1970 በኮሎምቢያ ሬከርድስ አሳታሚነት ወጥቶ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ፤ በዚያ ደረጃ ላይ በድምሩ ስድስት ሳምንታት ቆየ። «ብላክ ማጂክ ዉማን» ከነጠላ ዜማዎች 4ኛ፣ «ኦዬ ኮሞ ቫ» 13ኛ ደረጃ ደርሰዋል። ከእነዚህ ቁጥሮች ትልቁ ትርጉም ያለው የመጨረሻው ነው። በስፓኒሽ የተዘፈነ፣ የኩባ ዳንስ ምት ያለው ዘፈን በእንግሊዝኛ ተናጋሪው የሮክ ሬዲዮ ላይ ከሌሎቹ እኩል ተደመጠ ማለት ነውና። የመጀመሪያው እሱ ነው ማለት አይቻልም፤ አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ሪቺ ቫለንስ በ1950ዎቹ መጨረሻ «ላ ባምባ»ን በስፓኒሽ ዘፍኖ ተደምጧል። ሳንታና የጨመረው ግን ምቱን ሳያለሳልስና ሳይቀንስ ከነከበሮዎቹ ይዞ መግባቱን ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ በሚመዘግባቸው ቅጂዎች ዝርዝር ውስጥ «አብራክሳስ»ም አለ።

ከየት ጀምሮ ማዳመጥ ይሻላል?

ከዝነኞቹ ሁለት ዘፈኖች መጀመር ተፈጥሯዊ ነው። ከእነሱ ቀጥሎ «ሳምባ ፓ ቲ»ን መስማት መልካም ነው። ስሙ «ሳምባ ለአንቺ» እንደማለት ቢሆንም ምቱ የብራዚል ሳምባ አይደለም፤ ቃል የሌለው፣ በጊታር ብቻ የሚዘፈን ዝግ ያለ ዜማ ነው። እዚህ ላይ ከሌላ ሰው የተወሰደ ነገር የለም፤ ድርሰቱ የካርሎስ ነው። ከግማሽ በኋላ ከበሮዎቹ ከሥር ምቱን ሲለውጡት ጊታሩ ያንኑ ርጋታውን እንደያዘ እንዴት አብሮ እንደሚፈጥን ማስተዋል ይቻላል። «ኢንሲደንት አት ነሻቡር» ደግሞ በፍጥነት ተጀምሮ በመካከል በድንገት የሚረጋ፣ ወደ ጃዝ የሚያዘነብል የመሣሪያ ድርሰት ነው።

በመጨረሻ ግን አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተቀመጠበት ቅደም ተከተል መስማት ያስፈልጋል። ዘጠኙ ሥራዎች 37 ደቂቃ ያህል ብቻ ናቸው። መክፈቻው «ሲንጊንግ ዊንድስ፣ ክራይንግ ቢስትስ» የኮንጋ መቺው የካራቤሎ ድርሰት ነው፤ የነፋስ ቃጭል እየተንሿሿ ይጀምርና ሌሎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። መዝጊያው «ኤል ኒኮያ» የቲምባሌስ መቺው የአሬያስ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ብዙም አይበልጥም፣ በውስጡም ከበሮና ጥሪ ይበዛል። ባንዱ የሚጠራው በጊታር ተጫዋቹ ስም ቢሆንም፣ የአልበሙ የመጀመሪያም የመጨረሻም ድርሰት የተሰጠው ለከበሮ መቺዎቹ ነው።